መዋቅሩ ላይ የሌለው አሠልጣኝ

በጡረታ ደብዳቤዬ ላይ «የጥበቃ ሠራተኛ» ብለው ጻፉኝ። በደሉ ይኸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ፣ ልጆች ከጣሪያ በወረደ ጨርቅ ላይ እንዲወጡ፣ እንዲጠመጠሙ፣ እንዲገለበጡና በደኅና እንዲወርዱ ሳሠለጥን ኖሬ፣ በመጨረሻው ቀን የሰጡኝ ወረቀት በር ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ አስመሰለኝ። በር መክፈትን አልንቅም፤ እሱንም ሠርቻለሁ። ግን በሩን ከከፈትኩ በኋላ የምሠራው ሌላ ሥራ ነበረኝ። የሰረዙብኝ ያንን ነው።

ደብዳቤውን ራሴ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው ማንበብ የሚማረው ደስ የሚል ነገር ለማንበብ ነው። እኔ በምን ምክንያት እንደተማርኩ ስደርስበት እናገራለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ። እዚያ ያለችው ወይዘሮ አልጋነሽ ትባላለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቼ እገላገል ነበር።

«አያ ሞላ፣ ምን ላድርግዎት? መዋቅሩ ላይ የጨርቅ አሠልጣኝ የሚባል መደብ የለም» አለችኝ።

«እኔስ አለሁ?»

«እርስዎ አሉ። በጥበቃ መደብ ላይ ነዎት።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆች መዋቅር ላይ አይገቡም።»

ወጣሁ። ይግባኝ ልጽፍ ወረቀት ገዝቼ ስቀመጥ ግን የመጣልኝ ይግባኙ ሳይሆን ይኸኛው ጽሑፍ ነው።

የተወለድኩት ዝቋላ ነው። ማሽላና ፍየል እንደማንም ሰው ነበረን፤ ግን ዝናቡ የማይታመንበት አገር ሰው ሁለተኛ ሥራ ይይዛል። የኛ ቤት ሁለተኛ ሥራ የገደል ማር መቁረጥ ነበር። ንቡ ዝንጀሮም በማይደፍረው የገደል ስንጥቅ ውስጥ ይሠራል፤ እኛ ከላይ በመጫኛ እየተንጠለጠልን እንወርድበታለን። መጫኛው ከበሬ ቆዳ የተገመደ ነው። ቀን ቀን በቅቤ ይታሻል፤ ካልታሸ ይደርቅና ይከዳል።

የገደል ሥራ ሕግ አለው። መጫኛውን ከላይ የሚይዝልህ የሚስትህ ወንድም ነው እንጂ የእናትህ ልጅ አይደለም። ወንድምህ መሬትህን ይወርሳል። የሚስትህ ወንድም ግን አንተ ብትወድቅ የሚተርፈው እኅቱን ከነልጆቿ መቀለብ ነው፤ ስለዚህ አጥብቆ ይይዛል። ሁለተኛው ሕግ ዝምታ ነው። ገደል ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም። የጠሩት ሰው ዞር ይላል፤ ዞር ያለ ሰው እግሩን ይስታል። ንግግር ሁሉ በመጫኛው ነው። ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ከተደረገ «ባለህበት ቁም፣ የተበላሸ ነገር አለ» ማለት ነው። በዚህ ሕግ ሃያ ዓመት ሠራሁ፤ አንድም ቀን አልበደለኝም። የበደለኝ በኋላ ነው፣ ገደል በሌለበት አገር።

ድርቁ ሲበረታ ንቡ ተሰደደ። እኔም ተሰደድኩ። እሱ የት እንደገባ አላውቅም፤ እኔ ሰቆጣ ገባሁና የአዳራሹ ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። የቅጥር ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቴን በቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ማንም አላነበበልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በ1998 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሰናይት የምትባል ልጅ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ሰርከስ ስትሠራ ያደገች፣ ውጭ አገር ሁሉ የዞረች፣ ትከሻዋን ታምማ የተመለሰች ናት። ለሁለት ዓመት ወጣቶችን ልታሠለጥን ነው የተላከችው። በመጣች በሦስተኛው ቀን መሰላል አስመጥታ የአዳራሹን ጣሪያ የተሸከመውን ብረት አንድ በአንድ በመዶሻ እየመታች አዳመጠችው። የወደደችውን ብረት ስታገኝ ከዚያ ላይ ቀይ ጨርቅ ለሁለት አጥፋ ሰቀለች። ጫፉ መሬት ይነካል። እኔ በር ላይ ቆሜ «መጋረጃ ከሆነ መሀል ቤት ምን ይሠራል?» እላለሁ።

ሁሉም ለምሳ በወጣበት ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነበር። ጨርቁን በእጄ ያዝኩት። መጎተት ቻለ። ያለመድኩት ቅልስልስ ነገር ነው፤ ግን ገመድ ገመድ ነው። ጫማዬን አወለቅኩና አንዱን እግሬን ጠምጥሜ በሌላው ረገጥኩበት፤ እንደ መጫኛው ያዘኝ። ገደሉን የተውኩት ትናንት እስኪመስለኝ ድረስ እጄ አልረሳውም። ጣሪያው ብረት ጋ ደርሼ አቧራውን ሳይ ከታች ድምፅ ሰማሁ።

«ይውረዱ አልልዎትም» አለች ሰናይት። «መጀመሪያ እግርዎን እንዴት እንደቆለፉት ያሳዩኝ።»

አሳየኋት።

«ማን አስተማረዎት?»

«ንብ።»

አልሳቀችም። ሰናይት ሥራ ላይ አትስቅም። «ከነገ ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ይወጣሉ» አለችኝ።

«እኔ ጥበቃ ነኝ እኮ።»

«በሩ አይሸሽም።»

እንዲህ ተጀመረ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። አብረውኝ የሚወጡት ልጆች ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ናቸው፤ እኔን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍኑና ይንፈቀፈቃሉ። እሷም አትምረኝም። «አያ ሞላ፣ እንደ ፍየል ነው የሚወጡት። ይደርሳሉ፤ ግን የሚያይዎት ሰው ያዝናል።» ጉልበቴን ካላቀናሁ በቀርከሃ ትነካኛለች። ጣቶቼን ካልዘረጋሁ «ማር የለም እዚያ፣ ይልቀቁት» ትላለች።

አንድ ቀን ጠየቅኳት። «ላይ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ይወጣል?»

«ሲወርዱ ይገባዎታል።»

ወገቤ ላይ ሦስት ዙር አስጠመጠመችኝና፣ ከላይ ሆኜ እጄን እንድለቅ አዘዘችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ላለመልቀቅ የሠራ ሰው እጁን ልቀቅ ሲሉት ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። ለቀቅኩ። መሬቱ መጣ፣ መጣ፣ ከዚያ ጨርቁ ጥርቅ አድርጎ ያዘኝና በአንድ ክንድ ከፍታ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ሳቄ ፈነዳ። ልጆቹም ሳቁ። ወድቆ መያዝን የመሰለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

የሰናይትን አመል ልንገራችሁ፤ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከአመሏ ነውና።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ግን ከእኔ በፊት ደርሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ገብታ መጀመሪያ የምታደርገው ጨርቁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ክንድ በክንድ እየዘረጋች ማየት ነው። የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ቀዳዳ ካገኘች በነጭ ክር ምልክት ታደርግበታለች። አንድ ጨርቅ ሦስት ምልክት ከጠገበ ያ ጨርቅ ሞተ፤ ቀድዳ መቀነት ታደርገዋለች። ቋጠሮውን በዓይኗ አታምንም። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳስሰዋለች። ከዚያ ማንም ልጅ ሳይወጣ ራሷ በዚያ በታመመ ትከሻዋ ወጥታ ትመለሳለች። «ልጅ የሚወጣበትን ነገር መጀመሪያ ትልቅ ሰው ይውጣበት» ትላለች።

ልጅ ላይ እያለ ደግሞ አፏ አይዘጋም። አትጮኽም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ገበያ ላይ በምስጢር ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው «ግራሽ፣ አሁን ቀኝሽ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ አልጨረስሽም» ትላለች። እኔን ይህ ነገር ያሳክከኝ ነበር። አንድ ጊዜ «ልጅቱ ብትደነግጥስ?» ብላት «ዝም ካልኳት ነው የምትደነግጠው» አለችኝ። አልመሰለኝም። የከተማ ሰው መለፍለፍ ይወዳል ብዬ አለፍኩት። አይዞሽ የሚለውን ቃል ግን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። «አይዞሽ ማንንም ከመውደቅ አያድንም፤ ዙሩን ይቁጠሩላት» ነበር የምትለው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጣጣ የማተብ ጉዳይ ነው። በአንገት ላይ ክር ይዞ ጨርቅ ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ ሲገለበጡ ይጠመዘዝና ያንቃል። ይህን ሕግ ሰናይት ስትናገር ልጆቹ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። በማግስቱ ከሠላሳ ልጅ የመጡት አራት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቄስ መርሻ መጡ፤ የደብሬ አባት ናቸው። ደብሬ በችሎታ ከሁሉ የምትበልጠው ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ልጆቻችንን ማተብ ልታስወልቁ ነው አሉ» አሉኝ ቄሱ። ሰናይትን አልፈው ለእኔ ነው የተናገሩት።

«እርስዎ ማተብዎ በምን ያህል ኃይል ይበጠሳል?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው?»

ልጃቸው ደብሬ አብራቸው ቆማለች፤ ማተቧ ባለ አራት ድርብ ወፍራም ክር ነው፤ እኔ ሁለት እጄን አስገብቼ ስጎትተው አልተበጠሰም። ከኪሴ እናቶች የሚፈትሉትን ቀጭን ነጠላ ፈትል አወጣሁና አንገቴ ላይ አሰርኩ፤ በአንድ ጣቴ ስስበው ተበጠሰ። «አባ፣ ይኼ ቢሆን ማተብነቱ ይቀንሳል?» አልኳቸው።

ቄሱ ፈትሉን በጣታቸው አሻሹ። «ማተብ ምልክት ነው እንጂ መጫኛ አይደለም» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኛ ልጆች ባለ ነጠላ ፈትል ሆኑ፤ በየሳምንቱ አንዱ ይበጠሳል፣ ቄስ መርሻ ባርከው ሌላ ያስራሉ። ሰናይት ይህን ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈችው። «እኔ ብቻዬን ብሆን ዛሬ ሻንጣዬን አሰናዳ ነበር» ያለችኝ ምስጋናዋ ነበር።

እጅ እንዳያዳልጥ የሚቀባ ዱቄት ከውጭ ይዛ መጥታ ነበር፤ አለቀ። እኔ ከኒሯቅ ገበያ የአበርገሌ ዕጣን አስገዝቼ ወቀጥኩት፤ በአረቄ አሟሟሁና በጨርቁ ላይ ረጨሁት። ልክክ አድርጎ ያዘ። ችግሩ አዳራሹ ደብር ደብር መሽተቱ ነው፤ አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ደፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከታች የሚነጠፈውም የኛው ነው፤ ጆንያ ውስጥ የታጨቀ የጤፍ ጭድ። በየቀኑ ካልተነፋፋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የጎረቤት ፍየል ሁለት ጊዜ ፍራሻችንን በልታብናለች።

ሁለት ዓመቱ አለቀና ሰናይት ሄደች። ስትሄድ ያንን ደብተሯን ሰጠችኝ። እያንዳንዱ ጥምጥም፣ እያንዳንዱ ውርድ፣ ከነምክንያቱ ተጽፎበታል። «ሁሉም አለ እዚህ» አለችኝ። ማንበብ እንደማልችል አልነገርኳትም። ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታ አላወቀችም፤ መደበቁን ተክኜበታለሁ። አፍሬ ተቀበልኩ። ቤት ወስጄ በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ዳዊት ሰቀልኩት።

አሁን ወደ ክፉው እንሂድ።

ሰናይት በሄደች በሦስተኛው ወር ነው። ደብሬ ያንን ሦስት ዙሩን ውርድ እየሠራች ነው፤ ላይ ናት፣ ከመሬት አራት ሜትር። እኔ ከታች ቆሜ አያለሁ። ወገቧ ላይ የጠመጠመችው ሁለት ዙር ነው። ሦስተኛው የለም። ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሁለት። አፌ ተከፈተና ተዘጋ። ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም። ሃያ ዓመት አፌን ያሰረው ሕግ ያን ጊዜም አሰረው። ስለዚህ ገደል ላይ የማደርገውን አደረግኩ፤ ሮጬ የጨርቁን ጫፍ ያዝኩና ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግኩት። ባለህበት ቁም፣ የተበላሸ ነገር አለ።

ያንን ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብሬ እጇን ለቀቀች።

ጨርቁ አልያዛትም። ጆንያው ላይ ነው የወደቀችው፤ ሆኖም ክንዷ ከሥሯ ገብቶ ከክርኗ ተሰበረ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ተሸክሜ ሆስፒታል አደረስኳት። ጄሶ ተደርጎላት ስትነቃ የጠየቀችኝ «አያ፣ ልቀቂ ብለውኝ አልነበር?» ብላ ነው።

ቄስ መርሻ አዳራሹ ድረስ መጡ። ሲጮኹብኝ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ልጄን ጣልካት?»

«አዎ።»

«ሆን ብለህ?»

«ባለማወቅ።»

«እንግዲያ እወቅ» ብለውኝ ሄዱ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

ደብተሩን ይዤ ወደ ደብሬ ሄድኩ። ልጅቱ አልጋ ላይ ተቀምጣ በደኅናው እጇ ገለጠችው። «ያንን ውርድ ፈልጊልኝ» አልኳት። አገኘችውና አነበበችልኝ፤ ሰናይት እንዲህ ጽፋለች፦ «ከመልቀቋ በፊት ሦስቱንም ዙር በድምፅ ይቁጠሩላት። ጨርቁን ከታች ፈጽሞ አይንኩት።»

ደብሬ ቀና ብላ አየችኝ። «አላነበቡትም?»

«አልችልም።»

ከዚያ ደብተሩን ከፊቴ አደረገችና በጄሶው ጫፍ አንዱን ፊደል ነካች። «ይኼ ጨ ነው» አለች። «ጨርቅ የሚለው የሚጀምርበት።»

ክንዷ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ሌላ ከተማ አስተማሪ ሆናለች፤ ደኅና ናት። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ ይህን የሚሰርዝልኝ ደብዳቤ የለም፣ እንዲሰርዝልኝም አልጠይቅም።

በዚያው ሳምንት ጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪው ልጄን የሚያህል ነው። አብረውኝ የተቀመጡት አንዲት ጠላ ሻጭ እና ሁለት ገበሬዎች ናቸው። ጠላ ሻጯ በንባብ ትበልጠኝ ስለነበር በየቀኑ ታሾፍብኛለች፤ «አያ ሞላ፣ ፊደሉ ገደል አይደለም፣ አይወድቅብዎትም» ትለኛለች። እልህ ያዘኝ። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ለመጨረስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

መናገርም ተማርኩ። እንዲያውም አበዛሁት። ኽምጣኛ ለሚቀናቸው በኽምጣኛ፣ ለሌሎቹ በአማርኛ፣ ከተከዜ ወዲያ ማዶ ለመጡት በትግርኛ «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» እያልኩ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ ውኃ ስትቀዳልኝ ሳይቀር «አንድ፣ ሁለት፣ አልጨረስሽም» ስላት «እኔን ደግሞ ከየት ልታወርደኝ ነው?» ብላ ጥላኝ ገብታለች። ከዚያ በኋላ በእኔ እጅ ያደገ ልጅ፣ የጣት ወለምታና የቆዳ መፋቅ ካልሆነ፣ ምንም አልደረሰበትም።

ከአለቆቼ ስለ አንዳቸውም ብዙ አልልም፤ ብዙም አልሠሩምና። የመጀመሪያው «በሩንም ጨርቁንም ያዝ፤ መደቡን እናስተካክላለን» አለኝና ተዛወረ። ሁለተኛው አዳራሹን ለሠርግ እያከራየ የኔን ብረት በፊኛ ሞላው። ሦስተኛው ልጆቹ ለውድድር ሄደው ዋንጫ ሲያመጡ ምስክር ወረቀቱ ላይ «አሠልጣኝ» በሚለው ቦታ የራሱን ስም አስጻፈ። ይህ ሰው ጨርቁን ነክቶት አያውቅም። እኔም ማንበብ ችዬ ስለነበር አነበብኩት። «አለቃ፣ መቼ ነው የወጡት?» ብለው «በአስተዳደር ነው የመራሁት» አለኝ።

በጦርነቱ ጊዜ አዳራሹ ከአበርገሌና ከዝቋላ ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ሆነ። ጨርቆቹን ጠቅልዬ ቤቴ ደበቅኩ። አንዱን ግን መልሼ አመጣሁት፤ መሀል ላይ ትንሽ ቦታ ለቀቁልኝና ሰቀልኩት። ሰው ዕቃውን ዙሪያውን ደርድሮ በተቀመጠበት፣ ልጆቹ ተራ ይዘው ይወጡ ነበር። አንዲት የአበርገሌ አሮጊት በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታያለች። «የሚወድቅ ልጅ አየሁ፣ ደግሞም የሚያዝ አየሁ፤ ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። በዚህ ሥራ ካገኘሁት ሽልማት እሱን አስበልጣለሁ።

እንግዲህ ስድሳ ሞላኝና ያ ደብዳቤ መጣ። ያሳደግኳቸው ልጆች እንዳይተኩኝ፣ መደብ ስለሌለ ሁሉም ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል። መሥሪያ ቤቱ ግን ምትክ ቀጠረ። ጥበቃ ጡረታ ወጣ፤ ጥበቃ ተቀጠረ። ኪዳኔ ይባላል፤ ሚሊሻ የነበረ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ደኅና ሰው ነው። ክላሹን ይዞ በር ላይ ቆመ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እየሮጠ ቤቴ መጣ።

«ሞላ፣ ድረስልኝ።»

«ሌባ ነው?»

«ሌባ ቢሆን አንተ ጋ ምን አመጣኝ። አንዲት ልጅ ተዘቅዝቃ ተሰቅላለች። ‹ጋሽ ኪዳኔ፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ?› ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ምን አልካት?»

«ባለሽበት እደሪ አልኳት።»

ሄጄ በቃል አወረድኳት። ከዚያ መሰላሉን አቁሜ ጨርቁን ከብረቱ ፈታሁት፤ የሚያይለት ሰው የሌለው ጨርቅ ተሰቅሎ አይተውም። ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ለኪዳኔ በጽሑፍ አስረከብኩትና ፈረመ። ልጆቹ ቆመው ያዩኛል። «መቼ ይሰቀላል?» አሉኝ።

«አሠልጣኝ ሲኖር።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ጥበቃ ነበርኩ» አልኳቸው። ክፉ ንግግር ነው፤ ልጆቹ አልበደሉኝም። ግን ምሬቴ አፌ ላይ ነበር። በነጻ ተመልሼ ብሠራ መሥሪያ ቤቱ ደስ ይለዋል፤ እኔ ስሞት ግን ጨርቁ አብሮኝ ይቀበራል። መደቡ ካልኖረ ከኔ በኋላ የሚመጣ የለም። ለዚህ ነው «አሠልጣኝ» የምትለዋን ቃል የፈለግኳት።

ይግባኜን አስገባሁ። ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ የልጆቹን ዝርዝር፣ የየዓመቱን መዝገቤን አቀረብኩ። «በማኅተም የተደገፈ አይደለም» ተባልኩ። ወራት አለፉ።

ያ ሁሉ ጊዜ ልጆቹ ኪዳኔን ዕረፍት ነሱት። ጠዋት ይመጣሉ፣ ከሰዓት ይመጣሉ። «ጋሽ ኪዳኔ፣ ይስቀሉልን። ጋሽ ኪዳኔ፣ በእርስዎ ቦታ የነበሩት ይሰቅሉልን ነበር።» ወላጆችም ጀመሩት። አንድ የጽሕፈት ቤት ሰው ደግሞ እንግዳ ሊያስጎበኝ መጥቶ «ልጆቹን ለምን አታሠራም? የቀድሞው ጥበቃ ያሠራቸው ነበር» ብሎ ተቆጣው። ኪዳኔ ያን ቀን ወደ ጸሐፊ ሄዶ የራሱን አቤቱታ አስጻፈ።

ኮሚቴው ሁለታችንንም በአንድ ቀን ጠራን። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው አቶ ፈንታ ናቸው፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

ኪዳኔ ተነሣ። «እኔ የተቀጠርኩት በዚህ ሰውዬ ቦታ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ በር ጠብቅ ይላል። በር እጠብቃለሁ። አሁን ግን ልጆች ሰቅለህ አገላብጥ እየተባልኩ ነው።»

«ማንም እንደዚያ አላዘዘህም» አሉ አቶ ፈንታ።

«የቀድሞው ጥበቃ ይሠራው ነበር አሉኝ። ጥበቃ የሚሠራው ከሆነ የኔ ሥራ ነው። የኔ ሥራ ከሆነ አልችልም፤ እኔ ወንበር ላይ ስወጣ ያዞረኛል። የጥበቃ ሥራ ካልሆነ ደግሞ ይኼ ሰውዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ? አንዱን ወስኑና ገላግሉኝ።»

አንደኛው የኮሚቴ አባል «ሥልጠና ቢሰጣቸውስ?» አለ ወደ ኪዳኔ እያመለከተ።

«ማን ይሰጣል?» አለች ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

አቶ ፈንታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «መዋቅሩ ላይ የለም ማለት ሥራው አልተሠራም ማለት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ይጻፉ።»

እሷ ቀድማ እየጻፈች ነበር።

ኪዳኔ ሲወጣ ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ባይፈርዱልህ ኖሮ እኔን መሰላል ታስወጣኝ ነበር አይደል?»

«ፍየል እንኳ ትወጣለች» አልኩት።

ውሳኔው የሁለታችንንም ጉዳይ በአንድ ወረቀት ነው የጨረሰው። አንደኛ፣ አቶ ኪዳኔ ከበር ጥበቃ ውጭ በማንኛውም ከፍታ ላይ እንዲወጡም ሆነ ልጆችን እንዲያወጡ አይገደዱም። ሁለተኛ፣ አቶ ሞላ ከ1998 ዓ.ም. ጀምረው እስከ ጡረታቸው ድረስ በአሠልጣኝነት ያገለገሉ መሆኑ ተረጋግጦ የጡረታ ደብዳቤያቸው እንዲታረም፤ የአሠልጣኝ መደብ እንዲከፈትና ተተኪው በእርሳቸው ፈታኝነት እንዲቀጠር። ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬ ደገምኩት። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ማኅተም አለበት። የተፈረመው ዓርብ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።